ከሰይቼንቶዋ ሥር ሰው ነበረ

ለተከበሩ አቶ ደስታው ገደፋው
የመንገድ ዳር ውበትና ሥርዐት ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ሙሉ ስል ቃሉን አስቤበት ነው የጻፍሁት። ጠዋት ከአልጋዎ ሲወርዱ ሁለቱ እግሮችዎ መሬቱን እኩል እንዲረግጡ፣ ጥርሶችዎ እንደተሰደሩ እንዲኖሩ፣ ትከሻዎ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንዳይጠዘጥዝዎ ከልቤ እጸልያለሁ።

ስሜ ቴዎፍሎስ አድማሴ ይባላል። በዚህ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም። አለማወቅዎን በገዛ ዓይኔ ያረጋገጥሁበትን ጠዋት ወደ ኋላ ላይ እተርክልዎታለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ወር በላከልኝ ደብዳቤ፣ ራሱ ቀድሞ ያነሣውን «ዓይነቱ ያልታወቀ ብረት» በመንገድ ዳር በማስቀመጤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል፤ ቅሬታ ካለኝም በጽሑፍ፣ በተራ ቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ በትሕትና ጋብዞኛል። ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። በተራ ቁጥር የለየሁትን ቅሬታ ሦስት ጊዜ በመዝገብ ቤትዎ አስገብቼ ሦስት ጊዜም ጠፍቷል። ስለዚህ አራተኛውን ብዙ ሰው እጅ ላይ ባስቀምጠው አንዱ እጅ እንኳ ሳይጥለው ይቀር ይሆናል ብዬ ለሁሉም ግልጽ አድርጌዋለሁ።

1. ስለ ብረቱ ዓይነት

ያልታወቀው ብረት ፊያት ስድስት መቶ ይባላል። ጣሊያኖቹ ሰይቼንቶ ይሏታል፤ እኛም በዚያው ስም ጠርተናት ኖረናል። ሞተሯ ከኋላ ነው። የፊቱን ኮፋኖ ሲከፍቱ የሚያገኙት ትርፍ ጎማና የነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው። አራት ሰው ጉልበቱን አጥፎ ትይዛለች። ዳገት ላይ ውኃዋ ሲፈላ ቆመን እናስተነፍሳታለን፤ ከዚያ እንደገና እንሄዳለን። እኔ የገዛኋት በ1978 ዓ.ም. ከወባ መከላከል ሥራ ጡረታ ከወጡ አንድ ሽማግሌ ሲሆን፣ ሚስቴን አስካለ ማርያምን ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ዳር ያደረስሁት በእሷ ነው፤ ሁለቱንም ሴቶች ልጆቼን ከማዋለጃ ቤት ያመጣሁትም በእሷ ነው።

ያን ጊዜ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ሦስት ሰይቼንቶዎች ነበርን። ነበርን የምለው ባለቤቶቹ እንደ ዘመድ ስለምንተያይ ነው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ክላክስ ተነፋፍተን፣ ዳር ይዘን፣ ዕቃ ተዋውሰን እንለያያለን። አንደኛዋ የቡሬው እህል ነጋዴ የአቶ ክንፈሚካኤል ነበረች። በቆሎ የጫነ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት ከድልድይ ግንብ ጋር አጣበቃት። ሰውዬውን ለማውጣት ጣሪያዋን በመጥረቢያ ሲቀዱ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ የመጀመሪያውን ሰዓት አቶ ክንፈሚካኤል ከውስጥ ሆነው ቀስ በሉ ይሏቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ሁለተኛዋ የደምበጫው ድሬሰር የስመኘው ነበረች። ስመኘው ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልቶ፣ ወንድሙ ሊገድለው ቤቱ ድረስ ሲመጣ ያገኘው መኪናዋን ብቻ ነው። በገጀራ መስታወቷን፣ መቀመጫዋን፣ ጎማዎቿን ሲቆራርጥ ቆየ። ስመኘው ከሥራ ሲመለስ ወንድሙ ገና አልደከመውም ነበር። የስመኘውን ቀብር የሄድሁት በቀረችው በሦስተኛዋ፣ ማለትም በእኔዋ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ብርቅ መሆኗ በእኔ ትምክህት አልነበረም። ሌሎቹ ስላለቁ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ዛሬም ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ ይላሉ፤ ቃሉ ከእነዚያ መኪናዎች ጋር መጥቶ ቃሉ ቀረ፣ መኪናዎቹ ሄዱ። ቡሬ መገንጠያ ላይ ስደርስ የአዊ ገበሬዎች በሬ እንደቆመ ትተው ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ ምንም ሳይጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ዞሯት «በቃ ይሂዱ፣ ላያት ብዬ ነው» አለኝ።

2. ስለ ዝርዝርዎ

በኅዳር ወር በአንድ ሐሙስ ዕለት ግብረ ኃይልዎ በየግንቡ ማስታወቂያ ለጠፈ። በመንገድ ዳር የቆሙ ተሽከርካሪዎች በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሡ፣ ያለዚያ ግን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተቆጥረው እንደሚወገዱ ይገልጻል። የእኔዋ በራሴ አጥር ሥር ቆማ ነበር፤ ፍሪሲዮኗ አልቆ አልንቀሳቀስ ብላኛለች። ጋራዥ ያልወሰድኋት ጋራዡ ስለሌለ ነው። የመካኒኩ የእንዳለው ጋራዥ ባለፈው ዓመት ለመንገድ ማስፊያ ፈርሷል፤ ያፈረሰውም የእርስዎ ግብረ ኃይል ነው። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት በከረመባቸው ወራት የፍሪሲዮን ሸራው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ አምስት ወር ጠብቄ ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሊብሬውንና የዘንድሮውን ቦሎ ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። መዝጋቢዋ ወይዘሪት ፀደይ ዱሮ ተማሪዬ ነበረች። ኮምፒውተሯ ላይ የመኪና ዓይነቶችን ዝርዝር ወደ ላይ ወደ ታች ስታደርግ ቆይታ፣ «መምህር፣ የእርስዎ እዚህ ውስጥ የለም» አለችኝ። ሊብሬውን ዘረጋሁላት። «አየሁት መምህር፤ ግን ከዝርዝሩ ካልመረጥሁ ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም። የሚቀበለኝ ‹ሌላ› የሚለውን ብቻ ነው» አለች። ‹ሌላ› ሲመረጥ ደግሞ ከሥሩ ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ ጋሪ፣ ተንቀሳቃሽ ሱቅ፣ ቁርጥራጭ ብረት። ልጅቱ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች፤ ከዚያ ይቅርታ ጠይቃኝ ሦስተኛውን ነካች። እሷን አልወቅስም። እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ዓይኗን መሬት ላይ ታደርጋለች፤ እንዳታደርግ ብነግራትም አልተወችም።

ከእሷ ዘንድ በቀጥታ ወደ እርስዎ ገባሁ። መካኒኩ ሰኞ ጠዋት ሥራውን እንደሚጀምርና ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ በራሷ ሞተር እንደምትነሣ የሚገልጽ ማመልከቻ ሰጠሁዎት። ከስልክዎ ቀና ሳይሉ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ይታይ» ብለው ፈረሙበት። ያንን ቃል እንደ ፈቃድ ቆጥሬ አመስግኜዎት ወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርሁ ሰው አንዲት ቃል አንብቤ አለመረዳቴ ያሳፍረኛል።

3. ስለ ሰኞ

እንዳለው የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው፤ በዚህ አካባቢ ሰይቼንቶ ፈትቶ መልሶ መግጠም የሚችል የቀረ እጅ የእሱ ብቻ ነበር። ብዙ አይናገርም፤ ሲሠራም ከሥራው ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይደለም። በዚያ ጠዋት የኋላዋን በክሪክ አንሥቶ በሁለት ወፍራም ግንዲላዎች ላይ አሳረፋት፤ ካምቢዮውን ለማውረድም ከሥሯ ገባ። እኔ ከጎን ቆሜ የሚጠይቀኝን ቁልፍ አቀብለው ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ሎደሩ ከገበያው በኩል መጣ። ከፊቱ የእርስዎ ፒክ አፕ፣ ከኋላው በትር የያዙ ስምንት ደንብ አስከባሪዎች ነበሩ።

ሁለት እጄን አንሥቼ መሀል መንገድ ገባሁ። ከሥር ሰው አለ አልኋቸው። ይህን ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደደገምሁት አላውቅም፤ የጎረቤት ሰዎች ስድስት ጊዜ ነው ይላሉ። አንደኛው ደንብ አስከባሪ ሰባተኛውን እንዳልል በበትሩ አፌን መታኝ። ወደቅሁ። ሁለተኛው በትር ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ከውጭ እንደሚመጣ ድምፅ ሰማሁት። ከወደቅሁበት የሎደሩ ጎማ ይታየኝ ነበር፤ ከወገቡ በላይ መውጣት የጀመረው እንዳለውም ይታየኝ ነበር። ድምፁን ሰምቶ በጀርባው እየተንፏቀቀ ሊወጣ ነው።

ሎደሩን የሚነዳው መልካሙ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። ሎደሩን አቁሞ ራሱን በመስኮቱ አወጣና ከእርስዎ ጋር ተነጋገረ። እርስዎ ከፒክ አፕዎ በር ላይ ቆመው ነበር፤ በመካከላችሁ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። የተባባላችሁትን እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁት፤ አጥር ላይ የነበሩ አራት ሰዎች ሰምተዋል፤ መልካሙም ራሱ አልካደም።

«ከሥር ሰው አለ እያሉ ነው ሰውዬው» አለ።

«ካለ ይወጣል። ሥራህን ሥራ» አሉት።

ክቡርነትዎ፣ ትንበያዎ ከወገብ በላይ ላለው አካል ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ባልዲው ጣሪያዋ ላይ ሲወርድ እንዳለው ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ነበር። ግንዲላዎቹ ሸሹ፤ የኋላዋ ከነሞተሯ በቀኝ ጭኑ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸም። አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቁልፍ ስጡኝ በሚልበት ድምፅ፣ «መምህር፣ እግሬ» አለኝ። ደሙ ከካምቢዮው ጥቁር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ፍሳሹ ቦይ መውረድ ጀመረ።

መልካሙ ይህን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። እርስዎ የፒክ አፑን በር በመዳፍዎ እየደበደቡ «አንሣው፣ አንሣው» አሉት። ልጁ ሎደሩን መልሶ አስነሥቶ ባልዲውን ሽቅብ ሲያነሣ የባልዲው ጥርሶች የጣሪያዋን ቆርቆሮ ነክሰው ያዙት። መኪናዋ ተጎተተች፤ ከሥሯ ያለው እግርም አብሮ ተጎተተ። እንዳለው የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ያን ጩኸት ልገልጽልዎ ብሞክር አልችልም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በግራ ጆሮዬ በኩል እየሰማሁት አድሬያለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን እርስዎ አላዩም፤ ፒክ አፕዎ ሄዷል። ስለዚህ እንደ ታማኝ ዜጋ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። የገበያው ሰውና የባጃጅ ሾፌሮቹ መጡ። ደንብ አስከባሪዎችዎ በትራቸውን ጥለው በየአጥሩ ዘለሉ። መልካሙን ግን ከሎደሩ ላይ አወረዱት። በድንጋይ፣ በጫማ፣ በጎማ መፍቻ መቱት፤ አንዱ የጫማውን ተረከዝ ደረቱ ላይ ደጋግሞ ሲያወርድ አየሁ፤ ያ ሰው በየሳምንቱ እሑድ አብረን የምናስቀድስ ሰው ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ጊዜ ልጁ ቢሞት አላዝንም ነበር። አፌ ውስጥ የነበረውን ደም እየተፋሁ ምቱት እንድል ፈልጌ ነበር፤ ጥርሴ ተሰብሮ ስለነበር ቃሉ አልወጣልኝም እንጂ።

ባለቤቴ አስካለ ማርያም ከግቢያችን ወጥታ በሰው መሀል ገባችና ልጁ ላይ ተኛችበት። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ለእሱ የተወረወረ አንድ ድንጋይ ጀርባዋን አገኛት። ሳትነሣ፣ ድምፅዋንም ከፍ ሳታደርግ፣ «ይኸን ከገደላችሁት ያዘዘውን ማን ይናገርበታል» አለች። ከፊት ያሉት ሰሙ። ከፊት ያሉት ሲቆሙ ከኋላ ያሉትም ቆሙ። የጎማ መፍቻ የያዘው ሰውዬ መፍቻውን አየው፣ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ወደ ሰይቼንቶዋ ሄደ።

አሥራ አራት ሆነው በእጃቸው አነሷት። ክቡርነትዎ የሚወዷቸው ትልልቅ መኪናዎች ቢሆኑ ኖሮ እንዳለው እዚያው ነበር የሚያልቀው። ትንሽ ስለሆነች ሰው አነሣት። እሱን በበር ላይ አድርገው፣ በሩም የእሷው ተገንጥሎ የወደቀ በር ነበር፣ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ተላከ። በማግስቱ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

4. ስለ በትሮቹ

ሁለት ጥርስና አንድ የትከሻ አጥንት። ስለ ባለሙያዎችዎ ቅልጥፍና ከማመስገን በቀር በዚህ ቁጥር የምጨምረው የለም።

5. ስለ ሪፖርትዎ

በወሩ መጨረሻ ሪፖርትዎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቆሜ አንብቤ ወደ ቤቴ ተመልሼ፣ እንደገና ሄጄ በወረቀት ገለበጥሁት። «ዓይነቱ ያልታወቀ አንድ ብረት ተነሥቷል። በሕገ ወጥ ጥገና ላይ የነበረ አንድ ግለሰብ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ቀላል ጉዳት ደርሶበታል።»

ቀላል የሚለውን ቃል ለማረም አይደለም ይህን የምጽፈው። እግሩን ከሆስፒታሉ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። የእንዳለው ሚስት ልትይዘው አልቻለችም። በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ከባሕር ዳር እስከ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። መራዊ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ነው ብላ ገፋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አልነገርኋትም። ክንዴ በዚያን ጊዜ በጨርቅ ታስሮ ስለነበር በአንድ እጄ ነው ደግፌ የያዝሁት። ክቡርነትዎ፣ ቀላል አልነበረም።

የደብራችን አገልጋይ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ለእግር የተሠራ የቀብር ሥርዐት እንደሌለ ነገሩኝ። ቢሆንም መቆፈሪያ አስመጡ፤ በቅጽሩ ጥግ አስቆፍረው ራሳቸው ጉድጓዱ ድረስ መጡ፤ አቡነ ዘበሰማያት አደረሱና አፈሩን መለሱ። ሲጨርሱ የእግሩን ባለቤት የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። በሕይወት እንዳለም ነገርኋቸው። አውቃለሁ አሉ።

የሰይቼንቶዋን ነገር ደግሞ ጠይቄ ቡሬ ከአንድ ብረት ሰብሳቢ ግቢ ውስጥ አገኘኋት። በእሳት እየቆረጧት ነበር። ግማሿ ተቆርጦ ተደርድሯል፤ የቀረው ግማሽ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ያርፋል። ቆራጩ መነጽሩን አንሥቶ ይህ ምንድን ነበር አባቴ ብሎ ጠየቀኝ። ስሟን ነገርሁት። ሰምቶት አያውቅም። ከደምበጫ እስከ ቡሬ አሁን አንድም የለም፤ ዝርዝርዎ ምንም እርማት ሳያስፈልገው ትክክል ሆኗልና እንኳን ደስ አለዎ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ቅሬታም አይደለም።

ከቡሬ በተመለስሁ በሳምንቱ የክሪኩን ብረት በጋቢዬ ውስጥ ይዤ ከቤትዎ መታጠፊያ ላይ መቆም ጀመርሁ። ሦስት ጠዋት ቆምሁ። የማስበው ነገር ቀላልና ግልጽ ነበር፤ ጉልበትዎን፣ ከዚያ አፍዎን፣ ከዚያ የቀረውን። በሕይወቴ ተማሪ በዱላ መትቼ አላውቅም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን የብረቱን ክብደት በእጄ እየመዘንሁ፣ ከየት ጀምሬ ምን ያህል እንደምመታ እየቆጠርሁ ነበር። እንቅልፍም ደኅና መጣልኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ስላፈርሁበት አይደለም።

በሦስተኛው ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ብቻዎን ሲመጡ አየሁዎ። አልሸሸሁም፤ መንገድዎ ላይ ቆምሁ። እጄ በጋቢው ውስጥ ብረቱን ጨብጧል። ሁለት እርምጃ ሲቀርዎት ቀና ብለው ፊቴን አዩት፤ ፊቴ ገና እንዳበጠ ነበር። ባርኔጣዎን አነሡ። «እንደምን አደሩ አባቴ፤ ምነው ምን አገኘዎ? እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለው፣ ትንሽ ጎንበስም ብለው አለፉ።

እጄ አልተንቀሳቀሰም። ማን እንደሆንሁ አላወቁም። ያን ሁሉ ያደረጉት በማን ላይ እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ብመታዎት ኖሮ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ አብዶ መታኝ ይሉ ነበር፤ ለምን እንደተመቱ ሳያውቁ ይሞቱ ነበር። ያ ለእኔ በቂ አልነበረም።

ይህን ለእንዳለው ባሕር ዳር ሆስፒታል ሄጄ ነገርሁት። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር መሰለኝ። «ለምን አልመቱትም?» አለኝ። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እስክወጣ ድረስ አልተመለሰም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በአንድ በኩል ለእርስዎ መተዋወቂያ ነው፤ በሌላ በኩል ለእንዳለው የዘገየ መልስ ነው። ልመታዎት ያልቻልሁት ስለማያውቁኝ ነው። አሁን ያውቁኛል።

በጥር ወር መልካሙ ቤቴ መጣ። ሦስት ጎድኑ ተሰብሮ፣ አንድ ዓይኑ ገና በደንብ ሳይከፈትለት። ከደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። አስካለ ማርያም ወጥታ እጁን ይዛ አስገባችው። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የተሰናበተው በሆስፒታል እያለ ነው፤ ደብዳቤውን ያነበበለት ነርሱ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል አንገቱን ደፍቶ ሲቆይ፣ ባለቤቴ እህል አቀረበችለት፤ አልበላም። በመጨረሻ፣ «እናቴ፣ የዚያን ጊዜ ባይተኙብኝ ይሻለኝ ነበር» አላት። እሷም «ለአንተ ብዬ አይደለም የተኛሁት፤ የምትናገረው ስላለህ ነው» አለችው። ይህን ስትል ፊቷ አልለሰለሰም። ወረቀት አመጣሁ። የሆነውን ሁሉ፣ እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል፣ በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመ። በሦስት ቅጂ።

ከዚያም ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የተመለሰው እንዳለው ዘንድ ልወስደው ጠየቅሁት። በመንገድ ላይ እግሩ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቅሁት። እንዳለው አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። መልካሙ መሬት ላይ ወድቆ ጫማውን ሊስም ሲል አንድ ጫማ ብቻ አገኘ። እንዳለው «ተነሥ» አለው፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ይቅር ብሎታል ብዬ አልጽፍም፤ አላለም። ውጣ ግን አላለውም።

ዛሬ እንዳለው በእኔ ግቢ ውስጥ ይሠራል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሞተራቸውን አውርደው ያመጡለታል፤ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ያደርጉለታል፤ እሱ በርጩማ ላይ ሆኖ ይፈታል። የከበደውን የሚያነሣለት መልካሙ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአሥር ቃል በላይ አይለዋወጡም፤ ቁልፍ፣ ያዝ፣ ቀስ። አንዳንድ ቀን እንዳለው ሥራውን ትቶ የሌለውን እግሩን ሲያክ እናየዋለን። ያን ጊዜ መልካሙ ተነሥቶ ከግቢው ይወጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሳል።

ክቡርነትዎ፣ የመንገዳችንን ስፋት፣ የአጥራችንን ቀጥታነት፣ የቢሮዎን አረንጓዴ እስክሪብቶ ሁልጊዜ እያደነቅሁ፤ ረጅም ዕድሜ፣ የተስተካከለ እንቅልፍና በሙሉ አእምሮ የሚያስታውሱት ነገር ሁሉ እንዳይጠፋብዎ እየተመኘሁ፤ ለሰጡኝ ጊዜ ሳይሆን ለወሰዱብን ነገር ሁሉ በድጋሚ ስምዎን በክብር እየጠራሁ እሰናበትዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊቱን የሚያውቁት፣

ቴዎፍሎስ አድማሴ
ጡረተኛ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሳይደርስ፣ በመልካሙ ቃል ተመሥርቶ በቀረበብዎ ክስ የወጣው የፍርድ ቤት መጥሪያ ሁለት ጊዜ ከበርዎ ተመልሷል። ሦስተኛው ዘበኛዎ ባልነበረበት ሰዓት በበርዎ ላይ ተለጥፏል፤ ቀጠሮው በየካቲት ሃያ ሰባት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ያ ቀን ባይመችዎት ፖሊስ መጥቶ እንዲወስድዎ ተጠይቋል። የሚመጡት ፖሊሶች በትር እንዳይዙ በጽሑፍ ያመለከትሁት እኔ ነኝ።